ለጉብኝት ብቻ ነው የመጣሁት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ማንም የማይሄድባቸው የአውሮፓ ከተሞች የሚባል ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በቀደም ሰማሁ። ለንደን፣ ፓርክ ሮያል በምሠራበት የሳንዱች ፋብሪካ አጠገቤ ቆሞ ዳቦ ላይ እንቁላል የሚያደርግ ኬቨን የሚባል እንግሊዛዊ አለ። በሻይ ሰዓት ጋዜጣውን ዘርግቶ ያነብልኛል። ፓሪስና ሮም የሰለቸው ሰው ከዚህ በኋላ ወዴት ይሂድ ነው ነገሩ። ግሮኒንገን አለ። ሄጄበታለሁ አልኩት። ሻርለሯ አለ። ሄጄበታለሁ። ሊንሾፒንግ አለ። እሱንማ ሁለቴ። ኬቨን ጋዜጣውን አጥፎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። እሱ ዕድሜ ልኩን ከስፔን ባሕር ዳር አላለፈም። ሲያዩህ የፋብሪካ ሰው ትመስላለህ፣ ለካ አገር ያዳረስክ ቱሪስት ነህ አለኝ።

ቱሪስት! ስሙልኝ እንግዲህ። ምን ብዬ ላስረዳው? ጓደኞች አሉኝ ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። ለእናንተ ግን ምን እደብቃለሁ? እኔ መርዶ ነጋሪ ነኝ።

ማንም አልሾመኝም። እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። አዲስ አበባ አንድ ሰው ይሞታል። ልጁ ስዊድን ወይ ሆላንድ፣ ስሙን በቅጡ መጥራት በማይቻል ከተማ ለብቻው ይኖራል። የስደተኛ መሥሪያ ቤቱ ነው እዚያ የጣለው፤ እሱ አልመረጠውም። ታዲያ ዘመድ ለልጁ ደውሎ እናትህ ሞታለች ይበለው? በስልክ ማርዳት ምን የሚሉት ነውር ነው! ብቻውን ቢወድቅስ ማን ያነሳዋል? ስለዚህ ወደ ለንደን ይደወላል። ለንደን ሐበሻው ብዙ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቶተንሃም ውስጥ እትዬ ብዙነሽ አሉ።

እትዬ ብዙነሽን የማያውቅ የለም። ለቅሶ ላይ ቀድመው ይደርሳሉ፣ መጨረሻ ይወጣሉ። የመርዶ ሥርዓት የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ያውቃሉ። ሰውየው ሥራ ሳይሄድ በማለዳ መድረስ፣ ወዳጆቹን ሰብስቦ መሄድ፣ ወደ መስኮት እንዳይሮጥ አንድ ጠንካራ ሰው መስኮቱ ጋ ማቆም። ስልካቸው ሲጮህ አንስተው ካለቀሱ በኋላ፣ ዕንባቸውን ጠርገው ማነው የሚሄደው? ይላሉ። ባለትዳሩ ሚስቴ ትቆጣለች ይላል። ባለልጁ ትምህርት ቤት የሚያደርስ የለም ይላል። ሚስትም ልጅም የሌለው፣ ትራቭል ዶክመንት የሚሉት የስደተኛ ፓስፖርት ያለው ማነው? እኔ። ኬኒንግተን፣ ካውንስል ከሚባለው መንግሥት በተከራየሁት ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ስልኩ ገና ሲጮህ ጫማዬን መፈለግ እጀምራለሁ።

ያቺ ሰማያዊ ትራቭል ዶክመንት ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። ከኢትዮጵያ በስተቀር ለሁሉም አገር ትሆናለች ይላል ውስጧ። ለሁሉም ይበል እንጂ ፈረንሳይ ቪዛ ይጠይቅባታል። ቤልጂግ፣ ሆላንድ፣ ጀርመን፣ ስዊድን አይጠይቁም። በዚህ ምክንያት ኤፍል የሚባለውን ማማ በፖስት ካርድ ነው የማውቀው። የሊንሾፒንግን አውቶቡስ ጣቢያ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እዞረዋለሁ።

ከተሞቹ እንዴት ናቸው? አትጠይቁኝ። በጨለማ ገብቼ በሐዘን እወጣለሁ። ከሻርለሯ የማውቀው የአንድ ሳሎን ግድግዳ ነው፤ አበባ ያለበት ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሳየው ሰነበትኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ሙዚየም በር ላይ ደርሻለሁ። እሱም ዝግ ነበር።

የግሮኒንገኑን ግን ልንገራችሁ። ዳንኤል የሚባል ልጅ ነው፤ እናቱ አርፈውበት ሄድን። እትዬ ብዙነሽ አሉ፣ እኔ አለሁ፣ ከአምስተርዳምም ሌሎች ተጨምረውልናል። በማለዳ በሩን ብናንኳኳ የሚከፍት የለም። ለካ ልጁ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ጋዜጣ ያድላል። ጥቁር በጥቁር ለብሰን መንገድ ላይ ቆመን ቀረን። ከጎረቤት አንዲት የሆላንድ አሮጊት በመስኮት ሲያዩን ቆይተው አላስቻላቸውም፤ በራቸውን ከፍተው ግቡ አሉን። ቡና አፈሉልን። ብስኩትም አቀረቡ፤ ለየሰዉ አንድ አንድ ሰጥተው ቆርቆሮውን መልሰው ከደኑት። ከዚያ ጠየቁኝ፣ ምንድን ናችሁ? በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። የዳንኤል እናት ሞተዋል፣ እሱ ገና አልሰማም፣ በአካል ልንነግረው ባሕር ተሻግረን መጣን። ሴትዮዋ ሳህኑን አስቀምጠው ለቅሶ ጀመሩ። እኛ ገና ሳንጀምር! እትዬ ብዙነሽ ደነገጡ። በሥርዓቱ መሠረት ለቅሶው የሚጀመረው ከተነገረው በኋላ ነዋ።

ይህን ጊዜ ዳንኤል በብስክሌቱ ከች አለ። በሩ ክፍት ነው፤ አሮጊቷ ይንሰቀሰቃሉ። የአሮጊቷ ባል ለካ ሆስፒታል ተኝተው ኖረዋል። ልጁ ባልየው የሞቱ መሰለው። ብስክሌቱን መሬት ላይ ጥሎ ሮጠና አቅፎ ያጽናናቸው ጀመር። ጀርባቸውን ይደባብሳል፣ በሆላንድኛ አይዞሽ ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ይብስባቸዋል። እኛ ጥግ ላይ ብስኩት ይዘን ቆመናል። እንዴት ተብሎ ይነገራል? አንተ ነህ የምትጽናናው ይባላል? በኋላ ቀና ሲል አየን። ጤና ይስጥልኝ አለን መጀመሪያ። እናንተም እሳቸውን ልትጠይቁ ነው? ሊል አፉን ከፈተና ዓይኑ እትዬ ብዙነሽ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ማንም መናገር አላስፈለገውም። ብስኩቱ እጄ ላይ እንዳለ አለቀስኩ።

ሰለቸኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታከተኝ። ሰው መቼም ዓለምን የሚያይበት መንገድ አለው፤ እኔ በሌሎች እናቶች ሞት ላይ ተሳፍሬ ነው የማየው። ይባስ ብሎ ለንደንም ውስጥ ሰው ፈራኝ። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሲያልቅ ወደ አንዱ ጠጋ ስል ፊቱ ይለወጣል። አንድ ቀን እኛ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ገባሁ፤ አንዲት የአገሬ ልጅ ነበረች። ገና ስታየኝ ግድግዳውን ይዛ፣ ማነው? አባቴ ነው? ንገረኝ! አለች። እኔ አራተኛ ፎቅ ልጫን ነበር እጄን የዘረጋሁት።

አሁን ግርማን ላስተዋውቃችሁ። ግርማ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ጉለሌ አንድ ሰፈር አደግን፣ ሱዳን ድረስ አብረን በእግር ወጣን። ከካርቱም እሱን ጀርመን ወሰደው፣ እኔን እንግሊዝ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ብቻ ነው። ያለባት ከተማ ካሰል ትባላለች። ስለ ካሰል ሲያወራ አይጠግብም። ተራራ አለን ይላል። ከተራራው አናት በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ ይለቁበታል፤ ውሃው በድንጋይ ደረጃ እየተንደረደረ ይወርዳል፣ ሰዉም አብሮት ይወርዳል። ሌላ ሥራ የለም። ውሃ ተከትሎ መውረድ ነው።

እንዴት እንዳማረኝ! ግን ውሃው ብቻ አይደለም ያማረኝ። በሩን ከፍቶ፣ እኔን አይቶ ደስ የሚለው አንድ ሰው ማየት አማረኝ። አንድ ብቻ። እኔን አይቶ የሚስቅ ሰው።

እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ሱፐርቫይዘሬ ጋ ሄጄ ሆሊዴይ አፕላይ ላደርግ ነው ልለው አፌን ስከፍት፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ለሐዘንህ በጣም አዝናለሁ አለኝ። ማንም አልሞተም ብለው ግራ ገባው። ታዲያ ለምን ትሄዳለህ? አለ። እትዬ ብዙነሽም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንተን የመሰለ እንዴት ባዶ እጁን ሰው ቤት ይሄዳል?»

«ምን ይዤ ልሂድ እትዬ?»

«ሬሳ ነዋ!» ብለው ሳቁና፣ መልሰው አማተቡ። «ይልቅ ልጁን እንዳታስደነግጠው። ቀድመህ ደውል። ለጉብኝት ብቻ ነው የምመጣው፣ ምንም ነገር የለም በለው።»

ምክር ሲባል ይሄ ነው? ሁለታችንም በዚህ ሥራ ያረጀን ሰዎች ነን። አንዳችንም አልባነንም። ደወልኩ።

«ግርማ፣ ልመጣ ነው።»

«ለምን?»

«እንዲሁ ልጠይቅህ። ለጉብኝት ብቻ ነው። ምንም ነገር የለም።»

«ምንም ነገር የለም?»

«ምንም። ሁሉም ደህና ነው። እናትህም ደህና ናቸው።»

ስለ እናቱ ማን ጠየቀኝ? ግርማ በቀጭን ድምፅ፣ እሺ ና አለኝ። ብቻህን ነህ? አለኝ። ብቻዬን ነኝ አልኩት። እሱ ደግሞ ይህን ብቻህን አትችለውም፣ እኔ ከዚህ ሰው እጠራለሁ አለኝና ዘጋው። የምን ሰው ነው የሚጠራው? ግብዣ መሰለኝ፤ ሆዴ ደስ አለው።

ሃሪች ከሚባለው የእንግሊዝ ወደብ መርከብ ተሳፍሬ፣ ባሕሩን እያየሁ ሻይ ስጠጣ ነው ነገሩ የገባኝ። ግንባሬን በጥፊ መታሁት። እኛ ለመርዶ ስንሄድ፣ ቀድሞ መደወል ግድ ሲሆንብን፣ ለባለ ሐዘኑ ምን ብለን ነው የምንደውለው? በዚያ ሳልፍ ልጠይቅህ ብዬ ነው፣ ምንም ነገር የለም። ሌላ ቃል ተጠቅመን አናውቅም! በአውሮፓ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔ ደግሞ እናትህም ደህና ናቸው ብዬ ጨመርኩበት። ከመርከብ አይወረድ ነገር። ምን ይዋጠኝ?

ካሰል ባቡር ጣቢያ ስደርስ ግርማን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ብብቱን ይዘው አቁመውታል። ጸጉሩ ሸብቷል። ያን ሁሉ ዓመት ያልተያየን ጓደኛዬ ነው እኮ። ልስመው ስሮጥ እሱ ተዘርሮ ሦስታችንም ላይ ወደቀ። ጀርመኖቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ዞረውን ያልፋሉ። ግርማ ማንም አልሞተም እለዋለሁ። እሺ እሺ፣ ቤት እንግባ ይለኛል።

ቤቱ በር ላይ የጫማ ክምር ነው። ሶፋው ወጥቶ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ከፍራንክፈርት የመጡ አሉ፣ ከጌቲንገን የመጡ አሉ፤ ያ የተጠራው ሰው ይኸው ነው። የግርማ ሚስት አልማዝ ጥቁር ለብሳ ትልቅ ድስት ታማስላለች። አንድ ጠንካራ ልጅ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ይህችን ሳይ ወገቤ ተቆረጠ። ብሉ ተባለ፤ ተበላ። ማንም አያወራም፤ ሁሉም አፌን ነው የሚያየው። አንድ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ልጄ፣ ሰዉ ተሟልቷል፣ አሁን ብትናገር ጥሩ ነው አሉኝ።

ተነሣሁ። ማርያምን ማንም አልሞተም አልኩ። የግርማ እናት እማማ ዘነበች ደህና ናቸው፣ እኔ ውሃ ለማየት ነው የመጣሁት። ውሃ! ሰዉ በሐዘኔታ አየኝ። ይሄ ምስኪን እንዴት ጨንቆት ነው የሚል ዓይን። አልማዝ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ ብላ፣ የአባቴን መርዶ ሲነግሩኝም በማርያም ምለው ነበር ብላ መሬት ተቀመጠች። እሷ ስትቀመጥ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ።

ደውልላቸው! ብዬ ጮህኩ። ግርማ፣ ስልኩን አንሳና ለእናትህ ደውል!

ግርማ አልደውልም አለ። ለካ ከደወለ ዓመታት አልፈዋል። መስመሩ አይሰማም፣ ሥራ በዛብኝ ሲለኝ አምነው ነበር። እውነቱ ሌላ ኖሯል። ካልደወልኩ አልሞተችም አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። እኔ ሳልሰማው እንዴት ትሞታለች? እዚያው በረንዳዋ ላይ ናት።

አንጀቴን በላው። ወዲያው ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። እውነት እማማ ዘነበች አሉ? እኔ በምን አውቃለሁ? ማርያምን ብዬ ማልኩ እንጂ ማን ነገረኝ? ሰማንያ ያለፋቸው ሴት ናቸው። ስልኩ ተደውሎ አርፈዋል ከተባለ እኔ ምን ልባል ነው? ሳላውቀው ተሸክሜው የመጣሁት መርዶ ሊሆን ነው። አትደውል ልለው አሰብኩ። ግርማ ግን መደወል ጀምሯል። ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳተ።

የጎረቤት ስልክ ነው፤ የእናቱ ቤት ስልክ የለም። ጎረቤትየዋ አነሳች። ግርማ ነኝ ሲላት እልል ትበል ትጩህ አልለየንም፤ ብቻ ስልኩን አስቀምጣ ሮጠች። ጠበቅን። የውሻ ጩኸት ይሰማል። ከዚያ የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ። ግርማ ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጎ ከፈተው።

«ማነው?» አሉ አንዲት አሮጊት።

«እኔ ነኝ እማዬ። ግርማ።»

«አይደለህም» አሉ። «ማነህ አንተ? ልጄ ምን ሆኖ ነው? ንገሩኝ፣ አትደብቁኝ!»

አያችሁልኝ? እሳቸውም በበኩላቸው ይጠብቁ ኖሯል። ይህን ሁሉ ዓመት ያልደወለ ልጅ በድንገት ሲደውል፣ የሚያረዱኝ ናቸው ብለው ነው። ግርማ እኔ ነኝ ይላል፣ እሳቸው እያለቀሱ ጎረቤት ጥሩልኝ ይላሉ። ጓደኞቹ ናችሁ፣ ድምፁን አስመስላችሁ ነው ይላሉ። በመጨረሻ ግርማ፣ እማዬ፣ ኮኩ ዛፍ ላይ ወጥቼ የወደቅኩ ጊዜ ጥርሴን የሰበርኩት ትዝ አይልሽም? አላቸው።

«የትኛውን ጥርስ?»

«የላይኛውን፣ በግራ በኩል።»

«እስካሁን አላስተከልከውም?» አሉ እማማ ዘነበች። «ፈረንጅ አገር ተቀምጠህ? ወይ አንተ ልጅ!»

ቤቱ በአንዴ ሳቀም አለቀሰም። ሽማግሌው ሳይቀሩ ተንሰቀሰቁ። ግርማ ስልኩን አቅፎ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይስቃል፤ ጥርሱ እውነትም የለም። ከዚያ በኋላ የማይለቀስለት ሰው አልነበረም። እዚያ የተቀመጡት ሁሉ በየከተማው ብቻቸውን የሰሙት፣ በወጉ ያላለቀሱለት ሰው ነበራቸው። አንዱ አባቴ አለ፣ አንዷ እህቴ አለች። ድስቱም ፍራሹም ተዘጋጅቷል፣ ሰዉም ተሟልቷል። ማን ይከለክላቸዋል? እኔም ስለ እናቴ አለቀስኩ። የእናቴን መርዶ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ በወሬ ወሬ ነው የሰማሁት። ለመርዶ ነጋሪ ማን መርዶ ይነግራል?

በማግስቱ እሁድ ነበር። ውሃ የሚለቀቅበት ቀን። ሁላችንም ሄድን። የለበስነውን ለብሰን ነው፤ ሌላ ልብስ ማን ይዞ መጥቷል? ያ ሁሉ ሐበሻ ጥቁር በጥቁር ሆኖ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከተራራው አናት ውሃ እየተከተለ ይወርዳል። ጀርመኖቹ ኮፍያቸውን አውልቀው መንገድ ለቀቁልን። ውሃው ያምራል። ግርማ ያጋነነ መስሎኝ ነበር፣ አላጋነነም።

ሰኞ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ሸኘኝ። ፊቱ ፈክቶ የጉለሌው ግርማ ሆኗል። አንገቴን አንቆ ሳመኝ።

«አንተ ሰው፣ ገላገልከኝ» አለኝ። «ከእንግዲህ አንተን በር ላይ ባይ አልደነግጥም። ሌላ ሰው ቢመጣብኝ ልቤ ቀጥ ይላል። አንተ ከሆንክ ግን ለጉብኝት ነው፤ ስቄ ነው የምከፍትልህ።»

ደስ አለኝ። ሌላ ምን ፈልጌ ነበር የሄድኩት? በባቡሩ መስኮት የማላውቃቸው ከተሞች ሲያልፉ እያየሁ፣ የሆላንድ ድንበር እስክደርስ ድረስ ደስ እንዳለኝ ነበርኩ።

ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። እማማ ዘነበች ሰማንያ አልፏቸዋል። አንድ ቀን መቼም አይቀርም። ያን ቀን ስልኩ ወደ እትዬ ብዙነሽ ይመጣል። አልቅሰው፣ ዕንባቸውን ጠርገው፣ ማነው የሚሄደው? ይላሉ። ለንደን ስገባ ይህን ስነግራቸው ደግሞ ጭራሽ ፊታቸው በራ። ይኸውልህ፣ እንዳንተ የሚመች ከየት ይገኛል? ልጁ እንደሆነ አንተን አይቶ አይደነግጥ! አሉኝ።

እንግዲህ በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ለራሴ ምንም አልለምንም። እማማ ዘነበችን አኑርልኝ ነው የምለው። ጉንፋን እንኳ አይያዛቸው። ግርማ ራሱ ለእናቱ እንዲህ አይጸልይም። እሱማ ምን ቸገረው? በሩን ከፍቶ ሊስቅልኝ ነው።